የአስር አለቃ ወልዴ እርም

ኮልፌ የተመለስኩት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ አስኮ ብቻዬን መኖሬ ለልጄ አልተዋጠለትም። አንድ ቅዳሜ የጭነት መኪና ይዞ መጣና አልጋዬን፣ ሬዲዮዬንና ሁለት ሻንጣ ልብሴን ጭኖ አጠና ተራ አጠገብ ካለው ቤቱ አመጣኝ። ኮልፌን ለምን እንደምሸሽ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ መንገር ይከብዳል። ሰው ደግሞ ሲደክመው ወዴት እንደሚወስዱት መምረጡን ይተዋል።

ባለፈው ክረምት መታወቂያዬን ላሳድስ ወረዳ ሄድኩ። ልጆቹ ወረዳ ይሉታል እንጂ ለእኔ እስከ ዛሬ ቀበሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤ ውስጥ ሰው ተፋፍጎ ተራውን ይጠብቃል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የለበሱት ወፍራም ካፖርት ረጥቦ ይሸታል። የረጠበ ሱፍ ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ ለእኔ የጧት ሰልፍ ነው። ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አንድ ሻምበል ጦር ተሰልፎ ከትከሻው ላይ እንፋሎት ይወጣል፤ እኔ ደግሞ የስም መዝገቡን በካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ቀለሙ እንዳይፈስብኝ እጨነቃለሁ። በሐሳቤ እዚያ ሄጄ ሳለሁ ነው መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ስሜን እስከ አያቴ የጠራችው።

«አቤት» ብዬ ስነሳ ከኋላዬ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ሃምሳን ያለፈች፣ ጠይም፣ ነጠላዋን በሹራብ ላይ ያጣፋች ሴት ናት።

«ተካልኝ? ጋሽ ተካልኝ ጸሐፊው?»

ፊቷን ባየውም አላወቅኳት።

«አላወቅከኝም? ምሥራቅ ነኝ እኮ! የወልዴ ልጅ!»

ከዚያ በሕዝብ መሐል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላወቅኩም። እናቷ አስካለ በሕይወት እንዳለች፣ እዚያው አሮጌው ቤት እንደምትኖር፣ ስሜን ሁልጊዜ እንደምታነሳ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እሷ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላት፤ እሁድ እሁድ ግን እናቷ ጋ ናት። «እሁድ ና፣ ጋሼ። የአባዬን ሰው ካየን ስንት ዘመናችን! ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። «እመጣለሁ» አልኳት። መታወቂያዬን ሳላሳድስ ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ አጠና ተራ ድረስ መሄዴን ያወቅኩት ምራቴ በር ከፍታ ስትጮህብኝ ነው።

አባቷን ያወቅኩት ሁለታችንም ሃያ ሳይሞላን ነው። እኔ ከጎጃም የመጣሁ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ቁም ጽሕፈት ብቻ ነበር። ማሰልጠኛው ውስጥ አንድ ቀን ስማችሁን ጻፉ ተባልንና የጻፍኩትን ያየ መኮንን «ይሄን ልጅ ጠመንጃ አታስይዙት» አለ። በዚያው የሻምበል ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። ወልዴ ከቦንጋ በኩል ነው፤ ማርና ኮረሪማ ከሚነግድ አጎቱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ፣ ንግዱን ጠልቶ የተቀጠረ። ረጅም፣ ከሳ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነበር። የስልክ መስመር ዘርጊ አደረጉት። የሽቦ ጥቅል በጀርባው አዝሎ ከአዛዡ ድንኳን እስከ ፊት ጦሩ ድረስ ሽቦ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ሽቦው ሲበጠስ ተከትሎት ሄዶ ይቀጥላል። ሥራው ያ ብቻ ነው።

ሠራዊት ምንድን ነው ብትሉኝ እንደ ተዋጊው አልመልስላችሁም። ለእኔ ምድር ጦር ማለት መዝገብ ነበር። ከታች አሥር የሚያህል ሰው አንድ ጓድ ይባላል። ጓዶች ተሰብስበው መቶ፣ መቶዎች ተሰብስበው ሻምበል፣ ሻምበሎች ተሰብስበው ሻለቃ፣ ከዚያ ብርጌድ፣ ከዚያ ክፍለ ጦር እየተባለ አይተነው የማናውቅ ጄኔራል ዘንድ ይደርሳል። ጄኔራሉ የሚያየው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚሠራው ግን ከታች ያለው የሻምበል ጸሐፊ ነው። ጧት ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያለውን «በሥራ ላይ» ከሚለው ዓምድ አገባዋለሁ። ላላለው ደግሞ ቦታ መፈለግ ነው፤ በፈቃድ፣ በሕክምና፣ በእስር፣ የሞተ፣ ያለበት ያልታወቀ፣ የከዳ። ወታደር ከእነዚህ ውጪ መሆኛ የለውም። በአባቶቻችን ዘመን ወታደር ከነሚስቱ፣ ከነአህያው፣ ስንቁን ራሱ ተሸክሞ ይዘምት ነበር ይሉን ነበር የድሮዎቹ ሻምበል ባሻዎች፤ ሲሞትም ጎረቤቱ አብሮት ስለዘመተ ለቤቱ የሚያወራለት አያጣም። በእኛ ጊዜ ያን ሥራ ወረቀት ተረከበው። መንግሥት ሲለወጥ ልብሳችን ተለወጠ፣ ቆባችን ተለወጠ፣ «ጌታዬ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ። መዝገቡን ግን ማንም አልነካውም፤ ዓምዶቹ እነዚያው ነበሩ።

ካምፓችን ከጦር ኃይሎች ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ ጦር ኃይሎች ላይ ባቡሩ በላይ መጥቶ ይቆማል፤ ከሥሩ ሚኒባሱ፣ ጫማ ሻጩ፣ የስልክ ካርድ ሻጩ ይተራመሳል፤ መንገድ ልሻገር ስል የሰው ልጅ ክንዴን ካልያዘኝ አልችልም። ያኔ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። ከዚያ እስከ ኮልፌ በስሙኒ ታክሲ ይገኛል፤ እኛ ግን ስሙኒዋን ለጠጅ እናስቀምጣትና በእግራችን እንወርዳለን። ደመወዝ በተቀበልን ቅዳሜ ወልዴ ከስክስ ጫማውን አውልቆ፣ መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪውን ታጥቆ፣ ጎፈሬውን በሚዶ ነፍቶ ሲወጣ የሰፈሩ ልጆች ያጨበጭቡለት ነበር። አጠና ተራ መግቢያ ላይ አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች፤ ዛሬ ቦታዋ ላይ ሲሚንቶ ይሸጣል። ባለቤቲቱ ቴፕ ስላላት ዘፈን የምትመርጠው እሷ ናት። የምትወደው አንድ የስንብት ዘፈን ነበር፤ ዘፋኙ ሲያለቅስ እሷም ታለቅሳለች። ወልዴ ያን ዘፈን አይወድም። «ዘማች ባለበት ቤት እንዲህ ያለ አይዘፈንም» ይላታል። ብርሌውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጠጁን በአፍንጫው እያሸተተ፣ «ይሄ የእኛ አገር ማር አይደለም» ሳይል ጠጥቶ አያውቅም።

አስካለን ያገባት ከዚያው ሰፈር ነው። እሷም ወገኖቿ ከደቡብ ምዕራብ የመጡ፣ ቅቤና ኮረሪማ ነጋዴዎች ናቸው። ካምፑ ውስጥ ለባለትዳር የሚሰጠውን አንድ ክፍል ቤት አገኙ፤ ምሥራቅን ወለዱ። እኔ ያኔ ወንደላጤ ነኝ፤ እራቴን የምበላው እነሱ ቤት ነበር። ምሥራቅን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሀሁ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

አንድ ምስጢር ነበረን። ወልዴ እንደ ምንም ያነባል፤ መጻፍ ግን እጁ እምቢ ይለዋል። ወደ ሰሜን ከዘመትን በኋላ ለአስካለ የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «እንዳትነግርብኝ፣ ተኬ» ይለኛል እየሳቀ፤ «የተማረ ሰው መስዬያት ነው ያገባችኝ።» አስካለ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጎረቤት ነው የሚያነብላት። እና አልነገርኩበትም።

ሰሜን ብዙ ክረምት ቆየን። ስንት እንደሆነ ብቆጥረው ይምታታብኛል። የቦታዎቹም ስም ጠፍቶኛል። አንዷን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳትም። ሰማዩ ደመና አልነበረውም። ፊት ለፊታችን ኮረብታ ላይ ከነበረው መቶ ጋር የሚያገናኘን ስልክ ድንገት ሞተ። አዛዣችን «ወልዴ፣ ውጣና ቀጥለው» አለው። ወልዴ ጥቅሉን አዘለ፣ የመሞከሪያ ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ፒንሳውን ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «ሻዬን እንዳትጠጣብኝ» አለኝ።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ከበላይ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ። አሁኑኑ ልቀቁ። ኮረብታው ላይ የነበረው መቶ በሌላ አቅጣጫ ወጣ። እኛም ድንኳን ነቀልን፣ ስልኩን ነቀልን፣ መኪና ላይ ወጣን።

«ወልዴስ?» አልኩት አዛዣችንን።

ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ወደ ኮረብታው አየ። «መንገድ ላይ ይደርስብናል» አለ። በእግር ያለ ሰው በመኪና ላይ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መኪናው ሄደ።

በማግስቱ አዲሱ ቦታ ላይ ስም ተጠራ። የወልዴ ስም ላይ ሲደረስ «አቤት» የሚል ጠፋ። ሰልፉ እንደተበተነ አዛዣችን ጠራኝ። ሌሊቱን አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ውሃ ሲጠፋ የራሱን ኮዳ ለታመመ ወታደር ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ወልዴን ምን ብለህ ልትመዘግበው ነው?» አለኝ።

«በግዳጅ ላይ ሳለ የት እንደደረሰ አልታወቀም ብዬ ነዋ።»

«ማን ላከው ሲሉህስ? የላከው ሰው ለምን አልጠበቀውም ሲሉስ?»

በዚያ ሰሞን ሰው ጥሎ ወጣ የተባለ አንድ መኮንን በጓደኞቹ ፊት ተረሽኖ ነበር። ሁላችንም ተሰልፈን አይተናል።

«ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ተካልኝ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዚያ ቀን «ጸሐፊ» ነበር የሚለኝ። «ከዳ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይሄን ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ያምር ነበር። ለቤተሰብ የሚላከውንም ማስታወቂያ፣ የጽሕፈት መኪናችን በግርግሩ ጠፍቶ ስለነበር፣ በዚያው እጄ ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁት። ከካምፑ ቤት እንደሚያስወጧት አውቃለሁ። ደመወዙ እንደሚቆም አውቃለሁ። ያላወቅኩት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ያወቅኩት ባለፈው ክረምት ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የሌላ ጦር መስመር ዘርጊ እኛ ዘንድ አደረና ሲያወራ የዚያን ኮረብታ ነገር አነሳ። ቦታው ተመልሶ ሲያዝ ሽቦ ተከትሎ ሄዶ አንድ የሞተ ሰው አገኘ፤ ረጅም፣ ከሳ ያለ። በጎኑ ተመትቷል። ሽቦው ግን ተቀጥሏል። የመሞከሪያው ስልክ ደረቱ ላይ ነው፤ እጀታው በእጁ ነው። «ቀጥሎ ሲያበቃ እየደወለ ነበር መሰለኝ» አለኝ ሰውየው። «የሚያነሳለት አጥቶ።» ወይራ ሥር ቀብረነዋል አለኝ።

በማግስቱ አዛዣችን ዘንድ ገባሁና መዝገቡን እናስተካክል አልኩት። «አሁን ብታስተካክል ያኔ ዋሽተናል ማለት ነው፤ ሁለታችንንም ግድግዳ ያስደግፉናል» አለኝ። ወጣሁ። በሚቀጥለው ክረምት ወባ ገደለው። «የሞተ» ከሚለው ዓምድ አገባሁት። ከዚያ በኋላ የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ዝም አልኩ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ዘመኑ ረዘመና አሁን ምን ብዬ እጀምረዋለሁ ወደሚባለው ደረሰ።

ሠራዊቱ ሲበተን ስንት ቀን በእግሬ ተጉዤ፣ ካፖርቴን በበቆሎ እሸት ለውጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ኮልፌ አልወረድኩም። አስኮ ቤት ተከራይቼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ጃንጥላ ተክዬ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ልጆቼን አሳደግኩ። የተፈናቀለ፣ የተካደ፣ ውርስ የተነጠቀ፤ የሁሉንም አቤቱታ ጻፍኩ። «እጅዎ ይባረክ» ይሉኛል። የአስካለን ወሬ ከሩቅ እሰማለሁ፤ ከካምፕ ወጥታ ኮልፌ ጭቃ ቤት ተከራይታ ቅቤ ትሸጣለች ይሉኛል። አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ በኮልፌ የሚያልፈውን ትቼ የሚዞረውን እይዝ ነበር።

ምሥራቅ ባለችኝ እሁድ ሄድኩ። አስካለ አርጅታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ድምፄን ሰምታ «ና እስቲ ቅረብ» አለችና ፊቴን በእጇ ዳሰሰች። «አንተም ሸመገልክ፣ ተካልኝ። ምነው እንዲህ ጠፋህ? እሱስ ይጥፋ፣ አንተ ምነው?» አለችኝ። ምሥራቅ ዶሮ ሠርታ ነበር፤ በልቼ የጣፈጠኝን አላውቅም። ከምግብ በኋላ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የላስቲክ ከረጢት አውርዳ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«የአባዬ ደብዳቤዎች ናቸው» አለችኝ። «ማንበብ ስችል ለእማዬ ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤላታለሁ። ይሄ ደግሞ ያኛው ነው።» ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለብቻው አደረገችው። «ጋሼ፣ አንተ ጸሐፊ ስለነበርክ ልጠይቅህ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። የደብዳቤዎቹና የዚህ ወረቀት ጽሕፈት አንድ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ትምህርት ቤት የከዳተኛ ልጅ ሲሉኝ እቤት መጥቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸው ነበር። አባዬ ጥሎን መሄዱን ራሱ በእጁ ጽፎ የላከልን ይመስለኝ ነበር። ካደግኩም በኋላ ከልቤ አልወጣም። እንዲህ ይሆናል እንዴ?»

ሳጥኔ ውስጥ ይዤው ልቀበር ያሰብኩት ነገር ነበር። እሷን አየኋት፤ ጥያቄዋን ጠይቃ መልሴን ትጠብቃለች።

«ምሥራቅ» አልኳት፤ «ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። አባትሽ መጻፍ አይችልም ነበር። ደብዳቤዎቹን እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ይሄን ግን እሱ አልተናገረውም። አባትሽ አልከዳም። ሽቦ ሊቀጥል ተልኮ፣ ጥለነው ወጥተን ነው የሞተው። እኔ አውቅ ነበር።»

ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሻዬን እንዳትጠጣብኝ ማለቱን እንኳ አልደበቅኩም። ምሥራቅ መሐል ላይ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። ቧንቧ ሲከፈት፣ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲፈስ ሰማሁ፤ ሞልቶ ሲፈስ የሚዘጋው አልነበረም።

አስካለ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነበር። «ሞቷል በለኛ» አለችኝ።

«ሞቷል።»

«ሽቦውን ቀጥሎት ነበር?»

«ቀጥሎት ነበር።»

«መቼ ነው ይሄን ያወቅከው?»

«በዚያው ዓመት።»

«ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ነበር» አለች። «ይቺ ልጅ እንሂድ ብላ ስንት ቀን አለቀሰች። አልሄድም አልኳት። ሰው፣ ሌላ አገር ሚስት አግብቷል፣ ወልዷል ይለኛል። ቢሆንስ? ቢመጣ፣ ካገባኝ ሰፈር ካጣኝ የት ብሎ ያገኘኛል ብዬ ነው። በዚህ በሚያፈስ ቤት ያረጀሁት ለዚህ ነው፣ ተካልኝ። አንተ አስኮ ተቀምጠህ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በመዳፏ ግንባሬን ገፋችኝ። «ተው። እሱ አሁን አይጠቅመኝም። ለባሌ አልቅሼለት አላውቅም። እርሙን ላውጣ። አንተ ደግሞ ያንን የነገርከኝን በሰው ፊት ትናገራለህ።»

እድሩ መጀመሪያ አንገራገረ። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ለቅሶ አለ ወይ ተባለ። የእድሩ ዳኛ ራሱ የወታደር ልጅ ነበርና «አስከሬን ያልተገኘ ሰው ሁልጊዜ አዲስ ሟች ነው» ብሎ ድንኳኑን አስተከለ። ወልዴ በወታደር ልብስ የተነሳው ፎቶ ተለቅ ብሎ ታትሞ ተሰቀለ። ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ድንኳኑ ሞላ። ከሻምበላችን ከቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች በከዘራ መጡ። አስካለ፣ እንዲያ ደክማ የነበረችው ሴት፣ ተነስታ ቆመች፤ ደረቷን እየመታች ስሙን ስትጠራ ከጎረቤት አልፎ ይሰማ ነበር። አንዲት የአገሯ ሴት ተቀብላ አወረደችው፤

«ቀጠለው ይላሉ የተበጠሰውን፣
ማን በቀጠለለት የገዛ ዕድሜውን።»

ዳኛው አየኝ። ተነሳሁ። በዕድሜዬ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ሥራዬ መጻፍ ነበር። «ተካልኝ እባላለሁ» አልኩ። «የወልዴ ጓደኛ ነበርኩ። ከዳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።» ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ከአንደኛው ጥግ አንድ ሰው «ኤዲያ!» አለና ተነስቶ ወጣ። ከሻምበላችን አንደኛው ሽማግሌ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ያን ቀን እሱም መኪናው ላይ ነበረ። የምቀመጥበት ቦታ ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለሁ አስካለ ከሴቶቹ መሐል «አስቀምጡት» አለች። «እሱም ለቅሶው ነው።» ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉና ተቀመጥኩ።

ምሥራቅ በሦስቱም ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ልጄ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባችም። «ማክሰኞ ጦር ኃይሎች ጋ ያለው የሠራዊቱ መዝገብ ቢሮ እንሄዳለን» አለችኝ። «ወረቀቱ እንዲታረም እፈልጋለሁ። ምስክርነትዎ ያስፈልጋል።» አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣ አሁን እርስዎ ሆንኩ። «እሺ» አልኳት።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስንት ማክሰኞ እንደሄድን አልቆጠርኩም። የምታስተናግደን ወጣት መኮንን ናት፤ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ወንበር ስባ ታስቀምጠኛለች። የቀድሞው ሠራዊት መዝገብ ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም ትላለች። ሌላ ምስክር አምጡ አለችን፤ ያን መሬት መሬት ያይ የነበረውን ሽማግሌ ለምነን ወሰድነው፤ ፈረመ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። እጄ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ጊዜ ቀድጄ በሦስተኛው ነው ያለቀልኝ። ከበላይ መልስ ሲመጣ ይነገራችኋል ተብለናል። እስከ ዛሬ ጧት ድረስ አልመጣም። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ደክሞኛል፤ ማክሰኞ ሲሆን ግን በሌሊት ነቅቼ ጫማዬን እወለውላለሁ።

በሚኒባሱ ውስጥ ምሥራቅ በመስኮት እያየች ትሄዳለች፤ አታወራኝም። እኔም አላስቸግራትም። ባለፈው ማክሰኞ ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወደ ውስጥ ስገባ እግሬ ተጠላለፈና ልወድቅ ስል ምሥራቅ ከኋላዬ ወገቤን ያዘችኝ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

«ነይ አባትሽን እዚህ አስቀምጫቸው፣ እህቴ» አለቻት።

ምሥራቅ ወገቤን እንደያዘች ነበር። አልተቻኮለችም።

«አባቴ አይደሉም» አለች። «የአባቴ ጓደኛ ናቸው።»

ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችኝ።